ጨቅላው ማታ የት ይተኛ?

እህቴ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ቤታችን ሦስት ቦታ ተከፈለ። እናታችን «እቅፏ ውስጥ ነዋ! እናንተን የት ያሳደግኳችሁ መስሏችሁ ነው?» አለች። የእህቴ ባል ስልኩን አውጥቶ ከትልቁ አልጋ ጎን የሚገጠም፣ ዙሪያው መረብ የሆነ የልጅ አልጋ አሳየን። ዋጋውን ሲነግረን ሁላችንም ወደ ቡናው ዞርን። አማቷ ደግሞ ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው የላከችውን ዕቃ ከነካርቶኑ ይዘው መጡ። ራስጌው ከፍ ብሎ ያጋደለ መኝታ ነው፣ ይወዛወዛል፣ ሲጫኑት ይዘፍናል። እህቴ መሃል ቁጭ ብላ ሆዷን ታሻለች።

ሦስቱም ለልጁ አስበው ነው። ግን ሐሳባቸው እኩል አይደለም። ከሦስቱ አንደኛው ጨርሶ ለእንቅልፍ አይሆንም፤ እሱም በጣም የሚያምረው ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሁለት ነገር ስለሚምታታ ነው። አጠገብ መተኛት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ፍራሽ ላይ መተኛት ሌላ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባደሰው መመሪያው የመጀመሪያውን ይደግፋል፤ ሁለተኛውን አይመክርም። ልጁ ቢያንስ ስድስት ወር እስኪሞላው ከወላጆቹ ጋር አንድ ክፍል ይተኛ፣ ግን በራሱ መኝታ ይላል። በእኛ አነጋገር፣ እጃችሁን ስትዘረጉ ደረቱን የምትነኩበት፣ ስትገላበጡ ግን የማትደርሱበት ቦታ ይሁን።

አጠገብ መሆኑ ለምን አስፈለገ? አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ሌሊት ሲርበው ወዲያው አያለቅስም። መጀመሪያ ከንፈሩን ይልሳል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ራሱን ወዲህ ወዲያ ያዞራል። ለቅሶው የመጨረሻው ነው። አጠገቡ ያለች እናት ገና ሲቁነጠነጥ ትሰማዋለች። ሳይጮኽ አጥብታ መልሳ ታስተኛዋለች። በኦፕሬሽን ለወለደች ሴት ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ስፌቷ ሳይድን በሌሊት ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ልጅ ማንሣት ምን እንደሚመስል ያየችው ታውቀዋለች።

በራሱ መኝታ የሚባለውስ ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

ደህና የነበረ ሕፃን በእንቅልፉ የሚሞትበት አጋጣሚ አለ። ባለሙያዎች ሲያስረዱ ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው ይላሉ። አንደኛው የልጁ ተፈጥሮ ነው። ያለ ወሩ ወይም በጣም ቀሎ የተወለደ ልጅ፣ እናቱ በእርግዝናዋ ያጨሰች ልጅ፣ አየር ሲያጥረው «ተነሥ» የሚለው የአንጎሉ ደወል ዘግይቶ ሊጮኽ ይችላል። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። አብዛኛው አደጋ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ስድስት ወር ሳይሞላ ነው። ሦስተኛው መኝታው ነው። ፊቱ ትራስ ወይም ጋቢ ውስጥ ሲገባ፣ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ኦክስጅኑ እያነሰ፣ የተቃጠለው አየር እየበዛ ይሄዳል። እኛ ብንሆን እንገላበጣለን። እሱ ግን አንገቱን እንኳ አያነሣም። ድምፅም የለውም። «ካለቀሰ እሰማዋለሁ» የሚባለው ለዚህ ነው የማያስተማምነው።

የመጀመሪያውን በዓይን አናየውም፤ ሁለተኛውን ማንም አይዘለውም። እጃችን ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በድንጋጤ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እዚሁ ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። አልጋችን ሜትር ከሃያ ነው። ልጁ እንዳይወድቅ ብለን አልጋውን ከግድግዳው ጋር አስጠግተን፣ እሱን በግድግዳው በኩል አስተኛነው። ብልሃት መስሎን ነው። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጡቴ ሞልቶ ቀሰቀሰኝ። እጄን ስሰድ ልጁ የለም። መብራት ሳበራ በፍራሹና በግድግዳው መሃል ተሰንቅሯል። ፊቱ ከፍራሹ ጎን ጋር ተጣብቋል። ጎትቼ ሳወጣው አስነጠሰ። እስከ ንጋት አቅፌው ቁጭ አልኩ። ጠዋት ክፍተቱን ስለካው አራት ጣት ነው። ማታ ስንተኛ አንድም ጣት አያስገባም ነበር። አልጋው እኛ ስንገላበጥ ቀስ በቀስ ሸሽቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ የልጅ አልጋ ሳይ መጀመሪያ የማየው ውበቱን ሳይሆን ክፍተቱን ነው።

አሁን ወደ አማቷ ስጦታ። እንዲህ ያጋደለ መኝታ ጨቅላን ለማስተኛት አይሆንም። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና ጥጥ ነው። ራስጌው ከፍ ብሎ ሲተኛ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል። የአየር ቧንቧው እንደታጠፈ የውሃ ጎማ ይጠብባል። አሜሪካ ከ10 ዲግሪ በላይ ያጋደለ የሕፃን መኝታ እንዳይሸጥ በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ያኔ የተከለከሉት ዕቃዎች ታዲያ ከሰው ቤት አልጠፉም። በሻንጣ እየሆኑ እኛ ጋ ይመጣሉ። የመኪና ወንበርም እንደዚያው ነው፤ ለመንገድ እንጂ ለሌሊት አልተሠራም። ልጁ እዚያ ላይ ካሸለበ፣ ስትደርሱ አንሥታችሁ በጀርባው አስተኙት። ለአማቷ ምን እንበል? ተመካከርንና «ቀን ቀን፣ እኛ እያየነው፣ ነቅቶ ሳለ ይጫወትበታል» አልናቸው። ደስ አላቸው። ውሸትም አይደለም።

በዚያው ሕግ የተከለከለ ሌላም አለ፤ የልጅ አልጋን ዙሪያ የሚያለብሱት ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጨርቅ። ጭንቅላቱን እንዳይጋጭ ተብሎ ነው የሚገዛው። ግን ፊቱ እዚያው ስፖንጅ ላይ ይለጠፋል። ትራሱም፣ አሻንጉሊቱም፣ ሱቅ ውስጥ አልጋውን ያሳመረው ዳንቴሉም ይውጣ። የጨቅላ አልጋ ባዶ ሲሆን ነው ደህና የሚሆነው። የእኛ እናቶች ባዶ አልጋ አይወዱም፤ ልጁ የተጣለ ይመስላቸዋል። የጭንቅላቱ ቅርጽ እንዲያምር ተብሎ የሚደረገው ትንሽ ትራስም አለ። እሱንም ተዉት። ነቅቶ ሳለ እያያችሁት በሆዱ አስተኝታችሁ አጫውቱት፤ ለቅርጹ ይኸው ይሻላል።

ተኝቶ ሳለ ግን ሁልጊዜ በጀርባው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካ በ1994 ይህንኑ ለሕዝብ መንገር ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። መድኃኒት አልተገኘም፣ ማሽን አልተገዛም። ልጁን ገልበጥ ማድረግ ብቻ ነው። በጎኑስ? በጎን የተኛ ልጅ ትንሽ ሲወራጭ በሆዱ ይገለበጣል።

እናቴ ግን ወዲያው «ካስመለሰውስ? አይታነቅም?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም አያት ይጠይቀዋል። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ያስመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ከታች ሆኖ ይጠብቀዋል። በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋት። ዝም ብላ አየችኝና «እስቲ እንግዲህ፤ እናንተ የተማራችሁት» አለች። ከእናቴ አፍ ይህ እሺታ ነው።

የቀረው የባልየው ምርጫ ነው፤ ከአልጋ ጎን የሚገጠመው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጁ የራሱ ፍራሽ አለው፤ እናቱም እጇን ብቻ ዘርግታ ትነካዋለች። አንዱ ዓይነት በእናቲቱ በኩል ጎኑ ይወርዳል። አደጋውም እዚያው ነው። በሁለቱ ፍራሾች መሃል ክፍተት ከተፈጠረ የእኔው የግድግዳ ታሪክ ይደገማል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ማሠሪያው በትልቁ ፍራሽ ሥር አልፎ በወዲያኛው በኩል ጥብቅ ብሎ መታሠሩን ይይ። ከፍታው ከእናንተ አልጋ ጋር መግጠሙንም። እዚህ አገር ያለው አልጋ ደግሞ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ውጭ አገር ለተለካ ማሠሪያ ሁልጊዜ አይመችም። ማታ ማታ ሳትተኙ ክፍተቱን በጣት መዳሰስ ግድ ነው።

እኛ ግን ጅማ ነን። አገሩ የእንጨት አገር ነው። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማችን የማይታወቅበት የት ነው? ስለዚህ በጅማው መርካቶ በኩል ወደሚሠሩ አንድ የማውቃቸው አናጢ ሄድኩ። ልኩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አነበቡት።

«ልጄ፣ የአባ ጅፋርን ዙፋን ነው እንዴ የምታሠሪኝ?»

«አይ ጋሼ፣ ከዙፋኑ ይልቅ ይሄ ይከብዳል።»

ሳቁና ሜትራቸውን አወጡ። እኔ ያልኳቸው ይህን ነው። አራቱም ጎን ዝግ ይሁን፤ የሚከፈት፣ የሚወርድ ጎን አልፈልግም። የሚወርድ ጎን ያለውን የልጅ አልጋ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 አግዳለች፤ ማጠፊያው ሲላላ ልጅ ስለሚሰነቅር ነው። በፋብሪካ የተፈተነው እንዲህ ከሆነ በእጅ የተሠራውን አላምነውም። በእናቲቱ በኩል ያለው ጎን ከፍራሹ በላይ 20 ሳንቲም፤ ሌላው 30። እጅ በቀላሉ ያልፋል፣ ልጅ ግን ተንከባሎ አይወጣም፣ የእናቲቱም ብርድ ልብስ ተንሸራቶ አይገባም። የቋሚዎቹ ክፍተት ከ6 ሳንቲም አይብለጥ። ሜትር ለሌለው መለኪያው የለስላሳ ጣሳ ነው፤ ጣሳው ካለፈ ክፍተቱ ሰፍቷል። ሰውነቱ አልፎ ጭንቅላቱ የሚቀርበት ክፍተት ነው የሚገድለው።

እንጨቱ ዋንዛ ሆነ። ወለሉን በኮምፔንሳቶ ሠሩት፤ አየር እንዲገባ ብለውም እራሳቸው አስበው ቀዳዳ በሱት። ይሄንን እኔ አልነገርኳቸውም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሻሹት። ከዚያ ጉንጫቸውን እያስጠጉ ዳሰሱት። «የልጅ ቆዳ በእጅ አይታወቅም። የእኔ እጅ ሞቷል» አሉኝ። ቫርኒሹን ከመውለጃዋ አንድ ወር ቀድመን አስቀብተን በረንዳ ላይ አቆየነው፤ ሽታው እስኪለቅ።

ፍራሹ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለልጅ ለስላሳ ይሻላል ብለን እናስባለን። ተቃራኒው ነው። ጠንካራ፣ ልሙጥ፣ ከአልጋው ልክ ጋር የገጠመ ይሁን። ስፖንጁን በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። እጃችሁን ስታነሡ ወዲያው ካልተመለሰ አትግዙት፤ የልጁም ጭንቅላት እንደዚያው ይሰምጣል። በፍራሹና በጎኑ መሃል ሁለት ጣት የሚያስገባ ከሆነ ፍራሹ ጠቧል። ክፍተቱን በፎጣ አትድፈኑት፤ ፎጣው ራሱ ሌላ ትራስ ይሆናል። ላዩ ላይ አንድ ጠበቅ ብሎ የተወጠረ አንሶላ። በቃ።

አናጢ ለማሠራት አቅም ያጣስ? ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ መጀመሪያ ለድኻ እናቶች፣ ከ1949 ወዲህ ለሁሉም፣ የሕፃን ልብስ በካርቶን ሳጥን ታድላለች። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ፍራሽ አለ። ልብሱ ሲወጣ ሳጥኑ ራሱ አልጋ ይሆናል። ኒውዚላንድ ውስጥ ማኦሪዎች ደግሞ ከአገራቸው ተክል ጠፍጣፋ ቅርጫት ይሠራሉ፤ ዋሃኩራ ይሉታል። ቅርጫቱ እናቲቱ አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ ልጁ እሱ ውስጥ ይተኛል። እቅፍም ሳይቀር፣ የራሱም ቦታ ሳይቀር። ይህን ሳነብ የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። በቀርከሃና በስፌት እንዲህ የተካነ አገር ይህን መሥራት ምን ያቅተዋል? ጎኑ ሲደገፉት የማይጣጠፍ፣ ወለሉ ልሙጥ፣ ስንጥር የሌለው ይሁን እንጂ። ጠረጴዛ ላይ ግን አታስቀምጡት።

እውነቱን እንነጋገር። በምክር አንድ ነገር ይባላል፣ በሌሊት ሌላ ይሆናል። እያጠባች ያላሸለበች እናት የለችም። የእንግሊዝ የጤና ተቋማት ይህን ስለሚያውቁ እናቶችን ከመቆጣት ይልቅ አልጋ ላይ ቢያሸልቡ አደጋው እንዴት እንደሚቀንስ ያስረዳሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እንቅልፍ ሊወስዳት የሚችል እናት ሶፋ ላይ አታጥባ። ሶፋ ላይ ከልጅ ጋር ማሸለብ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ልጁ በትራሱና በሰውነቷ መሃል ይሰምጣል። አልጋዋ ይሻላል። ትራሱንና ብርድ ልብሱን ከልጁ ታርቅ፣ ስትነቃ ወደ ቦታው ትመልሰው።

ጨርሶ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ያለ ወሩ የተወለደ ወይም ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር አንድ ፍራሽ ላይ አይተኛ። አጫሽ ካለ አይሆንም። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የወሰደ ካለ አይሆንም። የጠጣ ካለ አይሆንም። እዚህ ላይ ለአባቶች አንድ ነገር ልበል። ቀኑን ሲቅሙ ውለው፣ ማታ ጨብሲ ብለው የሚገቡ አሉ። አላስተምርም፤ ግን ያን ቀን ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍላችሁ። ታላላቅ ልጆችም ከጨቅላው ጎን አይተኙ። ሕፃን ልጅ በእንቅልፉ እንዴት እንደሚወራጭ ማን ያጣዋል?

ሐኪም ቤት ያለ ወራቸው ወይም ቀለው ለተወለዱ ልጆች የሚያሠሩት «ካንጋሮ» የሚባለው ግን ከዚህ ጋር አይምታታ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ላይ የተጀመረ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ የእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ይታሠራል። ሕይወት ያተርፋል። የታዘዘላችሁ እንደታዘዘው አድርጉ።

ብርዱስ? የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ የኅዳር ሌሊትም ቀላል አይደለም። ብርድ ለጨቅላ እውነተኛ አደጋ ነው፤ አያቶቻችን ዝም ብለው አልፈሩትም። ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነው። ልጁን በልብስ እንጂ በላዩ በሚጣል ነገር አናሙቀው። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ይጨመርለት፤ ጋቢው ይቅር። ሲወለድ የምትደረግለት ቆብ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥሩ ናት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሲተኛ ጭንቅላቱ ይገለጥ፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በእሱ ነው። መሞቁን ለማወቅ እጁን አትዳስሱ፤ የጨቅላ እጅ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ዳስሱ። ካላበው ሙቀቱ በዝቷል።

ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ግን የለም። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ፤ ሽታ የለውም፤ እናቱንም ልጁንም ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። የቡናው ምድጃ ሥራው ሲያልቅ ይውጣ።

አጎበር በጅማ ግዴታ ነው፤ ወባው አለና። ከላይ ተወጥሮ ጎኑ ፍራሹ ሥር ይገባ። ፊቱ ላይ የሚረግፍ፣ እጁ የሚደርስበት ሆኖ አይንጠልጠል።

የእህቴ ልጅ አሁን አምስተኛ ወሩን ይዟል። ባለፈው ሳምንት ከሆዱ ተነሥቶ በሁለት እጁ ሲደገፍ አየነው። ጎኑ አጭር ለሆነ አልጋ ማብቂያው ይህ ነው፤ ዕድሜው ሳይሆን መገልበጡና መደገፉ ነው የሚታየው። በዚያው ቀን የእኔ ልጆች ወደተኙበት፣ ጎኑ ረጅም ወደሆነው አልጋ ተዛወረ። ትልቁም አልጋ እዚያው እህቴ አልጋ አጠገብ ነው።

የዋንዛዋን አልጋ ጎረቤታችን ወሰደቻት፤ በጥር ትወልዳለች። ስንፈታት አናጢው የገጠሙት ብሎን ስምንት ነበር። አሁን ሰባት ነው ያገኘነው። ጎረቤታችን «በምስማር እንመታዋለን» አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ነገ ከአንድ ብሎን ጋር መርካቶ እወርዳለሁ፤ ልኩን ከነዳዶው ለማምጣት።